«1080 ከስንት ነው?» የልጅዎን የኤስኤቲ ውጤት እንዴት ያነባሉ?

ሌሊት ኡበር የሚነዳ አንድ ጎረቤቴ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤቴ ጎራ አለ። በእጁ የልጁን ስልክ ይዟል፤ ልጅቷ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። «እስቲ ወንድሜ፣ ይህን ነገር አስረዳኝ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። 1080 ይላል። እሱ አስቀድሞ 1080ን ለ1600 አካፍሎ 67.5 አግኝቷል። «ከመቶ ስልሳ ሰባት! እንግሊዝኛዋማ ከዚህም ይብሳል፤ ከ800 490!» ልጅቷ አሜሪካ ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ቡና ፈልቶ፣ ውጤቱን መስመር በመስመር አብረን ካየነው በኋላ አባትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እንግዲህ ያለ ጥፋቷ ነው የተቆጣኋት» አለ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታ ወይም በሲያትል ልጅ እያሳደጉ ከሆነ ይህ ቁጥር አንድ ቀን እርስዎም ቤት ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ ያለ አስተርጓሚ ነው። ልጆቻችን ፈተናውን ያውቁታል እንጂ ለእኛ በሚገባን መንገድ ማስረዳት ይቸግራቸዋል፤ እኛም እንዳልገባን መናገር አንወድም።

አስቀድሜ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላጥራ። አገር ቤት ያሉ የእህትና የወንድም ልጆች «ኤስኤቲ ተፈተንን» ሲሉ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ያለውን፣ ለብቻው ከመቶ የሚያዘውን የአፕቲትዩድ ፈተና ማለታቸው ነው። እዚህ የምናወራው ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት ስለሚያዘጋጀውና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1926 ስለተሰጠው የአሜሪካው ፈተና ነው። የአንዱን ውጤት በሌላው ሚዛን አይመዝኑት።

ማካፈሉን ይተዉት

እኛ ውጤት ሲነገረን አፋችን ላይ የሚመጣው «ከስንት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያደግንበት ሥርዓት እንዲህ ነውና። አገር ቤት እያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ይያዛል፣ ይደመራል፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣ አለፈ፣ ያላመጣ ወደቀ ይባላል። ኤስኤቲ ማለፊያ ነጥብ የለውም፤ መውደቅም የለበትም። ከሁሉ በፊት ግን ቁጥሩ የሚነሳው ከዜሮ እንዳልሆነ ይወቁ።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ንባብና ጽሕፈት ሲሆን ሌላው ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ትንሹ 200፣ ትልቁ 800 ነው። ስለዚህ ድምሩ ከ400 ይጀምራል፤ አንዲት ጥያቄ እንኳ ያልመለሰ ተማሪ 400 ይጻፍለታል። ይህን 400 ለ1600 አካፍለው «ሃያ አምስት በመቶማ አገኘ» ቢሉ የተሳሳተ ነገር መናገርዎ ነው።

አሁን ማካፈሉ ምን ያህል እንደሚያሳስት እንይ። 800 ያመጣ ልጅ በማካፈል 50 በመቶ ይመጣለታል፤ በአገር ቤት ልማድ ያለፈ ይመስላል። በእውነቱ ከአምስት ተፈታኞች አራቱ ያህል ከእሱ በላይ ናቸው። በሌላው ጫፍ 1400ን ያካፈለ ወላጅ 87.5 ያገኝና «ጥሩ ነው፣ ግን ዘጠና አልሞላም» ብሎ ሊያዝን ይችላል። 1400ና ከዚያ በላይ የሚያመጡት ግን ከመቶ ተፈታኝ ሰባት ያህሉ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤት እልል ሊባልበት ይገባል።

የጎረቤቴ ልጅ 1080 የት ይወድቃል? የአገሪቱ ተፈታኞች አማካይ ውጤት በቅርብ ዓመታት ከ1020 እስከ 1030 አካባቢ ነው። ከአማካዩ በሃምሳ ነጥብ ያህል ትበልጣለች ማለት ነው፤ ያውም እንግሊዝኛ በእናታቸው ጡት ከጠጡት ጋር አንድ ላይ ተሰልፋ።

«ስንት ጥያቄ አገኘሽ?» ብለው አይጠይቁ

ይህ ሁለተኛው የእኛ ጥያቄ ነው። በውጤቱ ወረቀት ላይ ግን ከዚህ ያህል ጥያቄ ይህን ያህል መለሰች የሚል ቁጥር አያገኙም። ምክንያቱን ለመረዳት ፈተናው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ2024 ማርች ጀምሮ በአሜሪካ ኤስኤቲ የሚሰጠው በኮምፒውተር ወይም በታብሌት፣ ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ነው። በንባብና ጽሕፈት 54፣ በሒሳብ 44፣ በጠቅላላው 98 ጥያቄ አለው። ጊዜው ዕረፍቱን ሳይጨምር ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ለሁሉም ተፈታኝ ቀላሉንም ከባዱንም ደባልቆ ይሰጣል። ልጁ እሱን ሲጨርስ ማሽኑ ሥራውን አይቶ ሁለተኛውን ምዕራፍ ይመርጥለታል። በመጀመሪያው ጥሩ የሠራ ከባዱ፣ ያልሆነለት ቀለል ያለው ይደርሰዋል። ወደ ላይኛው የውጤት እርከን የሚያስገባው በር ያለው ከባዱ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ቀላሉ የደረሰው ተማሪ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ እስከ 800 አይደርስም።

ነጥቡ የሚሰላው የተመለሱትን ጥያቄዎች በመቁጠር ብቻ አይደለም። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ ነው፣ በግምት የመመለስ ዕድሉስ ምን ያህል ነው የሚለው አብሮ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች እኩል ብዛት ያለው ጥያቄ መልሰው የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። ደግሞም በየምዕራፉ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ጥያቄዎች አይታረሙም። እነዚህ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ጥያቄዎች ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ለተፈታኙ አይነገርም፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል መሥራት ግድ ነው።

ልጅዎ ከፈተና ወጥቶ «ሁለተኛው ሒሳብ በጣም ቀላል ነበር» ቢልዎት ያ የግድ የደስታ ዜና አይደለም። «ከብዶኝ ነበር» ማለቱም የሐዘን ዜና አይደለም። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ እስከዚያ በሩ ላይ ቆመው አይመርምሩት።

ይህን ሁሉ ውስብስብ ነገር ለምን አመጡት የሚል ሰው ይኖራል። ፈተናው በዓመት ብዙ ጊዜ ይሰጣል። የማርቹ ከኦክቶበሩ ጥቂት ሊከብድ ይችላል። ሚዛኑ የተሠራው በማርች 600 ያመጣችውና በኦክቶበር 600 ያመጣው ልጅ እኩል ችሎታ አላቸው ለማለት እንዲቻል ነው። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባን ከአገር ቤቱ ጋር ስናስተያየው ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ውጤት በቀጥታ ከመቶ ሲያዝ ልጆቹ እየበረቱ ይሁን ፈተናው እየቀለለ፣ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። የአንዱ ዓመት ልጅ ከሌላው ዓመት ልጅ ጋር በትክክል የሚመዘነው ፈተናዎቹ በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ነው። እኔ በግሌ ይህ አሠራር አንድ ቀን አገር ቤትም ቢገባ እመኛለሁ።

ከዚሁ ጋር አንድ የቆየ ምክር ከቤትዎ ያስወጡ። ቀደም ብለው የተፈተኑ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች «ካላወቅከው ዝለለው፣ ለስህተት ነጥብ ይቀንሳሉ» ይላሉ። ያ ሕግ በፈረንጆቹ 2016 ቀርቷል። ዛሬ ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም። ባዶ የተተወ ጥያቄ የተጣለ ዕድል ነው፤ ልጅዎ ሰዓቱ ሳያልቅ ሁሉንም እንዲሞላ ደጋግመው ያስታውሱት።

ሁለቱ ፐርሰንታይሎች

ከድምሩ አጠገብ ፐርሰንታይል የሚባል ቁጥር ያያሉ። በአማርኛ ደረጃ ብንለው ይቀርባል። 60ኛ ፐርሰንታይል ማለት ልጁ ከመቶ ጥያቄ 60 መለሰ ማለት አይደለም። ከመቶ ልጆች 60ዎቹ ውጤታቸው ከእሱ ጋር እኩል ወይም ከእሱ በታች ነው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ «ስንተኛ ወጣህ?» እንደምንለው ነው፤ ልዩነቱ የሚቆጠረው ከታች ወደ ላይ መሆኑ ነው።

ኮሌጅ ቦርድ ሁለት ዓይነት ደረጃ ያወጣል። አንደኛው ልጅዎን የሚያወዳድረው በአገሪቱ ካሉ የክፍል እኩዮቹ ሁሉ ጋር ነው፤ ኤስኤቲ የማይፈተኑትም ይገቡበታል። ሁለተኛው በእርግጥ ከተፈተኑት ጋር ብቻ ያወዳድረዋል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ኮሌጅ የሚያመለክተው ልጅዎ የሚፎካከረው ግን ከተፈተኑት ጋር ነው፤ ስለዚህ ዓይንዎን ሁለተኛው ላይ ያድርጉ።

ከደረጃው ሌላ የውጤት ወሰን የሚባል አለ። 1080 ያመጣች ልጅ ያንኑ ዓይነት ፈተና በማግስቱ ብትፈተን በግምት 40 ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ልትል ትችላለች ማለት ነው። ይህችን ነገር ለወላጅ አጥብቄ የምናገራት በቤት ውስጥ ያለውን ንጽጽር ስለማውቀው ነው። የአክስቷ ልጅ 1100 አምጥቶ እሷ 1080 ካመጣች በሁለቱ መካከል የችሎታ ልዩነት አለ ብሎ መናገር አይቻልም። በሠርግና በክርስትና ቤት በሃያ ነጥብ ልጅ አናሳፍር።

ወደ ውስጥ ይግቡ

ድምሩን ካዩ በኋላ ወደ ሁለቱ ክፍሎች ይውረዱ። ኮሌጅ ቦርድ ለእያንዳንዳቸው «ለኮሌጅ ዝግጁ» የሚያሰኝ መለኪያ አስቀምጧል፤ ለንባብና ጽሕፈት 480፣ ለሒሳብ 530። መለኪያውን የደረሰ ተማሪ በተዛማጅ የመጀመሪያ ሴሚስተር የኮሌጅ ትምህርት «ሲ» እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ነው ይላሉ። የጎረቤቴ ልጅ 490 እና 590 ነበር ያመጣችው። ሁለቱንም አልፋለች። ያ «ከዚህም ይብሳል» የተባለው እንግሊዝኛ በሦስት ዓመት ጊዜ ከመለኪያው በላይ የወጣ እንግሊዝኛ ነው። አባትየው ዝም ያለው እዚህ ላይ ስንደርስ ነበር።

ከዚያም ወረድ ሲሉ በየክፍሉ አራት አራት የይዘት ዘርፎችን የሚያሳዩ የተከፋፈሉ አግዳሚ መስመሮች አሉ። ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል፤ ለሚቀጥለው ፈተና የሚጠቅሙት ግን እነዚህ ናቸው። በሒሳብ በኩል አልጀብራ 35 በመቶ፣ ከፍተኛ ሒሳብ የሚሉት ሌላ 35 በመቶ ይይዛል። ችግር መፍታትና የመረጃ ትንተና 15፣ ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ 15 በመቶ ናቸው። ልጅዎ በጂኦሜትሪም በአልጀብራም ደከም ካለ ጥናቱን በአልጀብራ ይጀምር፤ እዚያ የሚፈስ ሰዓት ከእጥፍ በላይ ጥያቄ ይነካለታል። በንባብና ጽሕፈት በኩል ደግሞ ለእኛ ልጆች ቶሎ የሚሻሻለው የሰዋስውና የሥርዓተ ነጥብ ዘርፍ ነው። የዚህን ክፍል ሩብ ያህል ይይዛል፤ ሕጎቹ የተወሰኑ ናቸው፣ በወራት ይጠናሉ። የቃላት ሀብትና የንባብ ፍጥነት ዓመታት ይፈልጋሉ።

ገንዘብ ከፍለው ማስጠኛ ቤት ከማስገባትዎ በፊት ልጅዎ ብሉቡክ ላይ ያሉትን ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች ይሥራ። ነጻ ናቸው፤ የሚታረሙትም በእውነተኛው ሚዛን ነው። ካን አካዳሚ ላይ ያለው ትምህርትም ነጻ ነው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አንድ ማስጠኛ ቤት ወሰድኩት። በገባበት ቀን ራሳቸው ያዘጋጁትን ፈተና ሰጡትና ቤት በብሉቡክ ካመጣው በ150 ነጥብ ዝቅ ያለ ውጤት አሳዩኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ «150 ነጥብ ጨመረ» ብለው አመሰገኑኝ። ልጄ የነበረበት ቦታ ላይ ነበር፤ ያለቀው የእኔ ገንዘብ ነው። የመነሻውን ውጤት ከትክክለኛው ምንጭ ይዘው ይግቡ፤ ያኔ ማንም አያታልልዎትም።

ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያስተያዩት

ውጤት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ልጅዎ ከሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ አንጻር ነው። ለዚህ አስተማማኙ ሰነድ ኮመን ዳታ ሴት ይባላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ያወጡታል። የዩኒቨርሲቲውን ስምና እነዚህን ሦስት ቃላት አንድ ላይ ጎግል ላይ ይፈልጉ፤ ሰነዱን ከፍተው ሲ9 የሚለውን ክፍል ያግኙ። እዚያ የገቡት ተማሪዎች 25ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል ውጤት ተጽፏል። ለምሳሌ 1250 እና 1420 ቢል ሩቡ ከ1250 በታች፣ ሩቡ ከ1420 በላይ፣ ግማሹ በመካከል ነው ማለት ነው።

እኔ የምከተለው ሕግ ይህ ነው። የልጁ ውጤት ከሁለቱ ቁጥሮች መካከለኛ በላይ ከሆነ ይላክ። ከ25ኛው በታች ከሆነና ዩኒቨርሲቲው ውጤት የግድ ካላለ አይላክ። በመካከል ካለ ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ጋር ይመከርበት፤ በአካባቢው ካሉ ልጆች ውጤት ጋር ሲታይ ጎልቶ ሊወጣ ይችላልና።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብዎት ነገር አለ። ከ2020 ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት መላክን የተማሪው ምርጫ አድርገዋል። በዚህ ምክንያት የሚልኩት ባብዛኛው ከፍተኛ ያመጡት ናቸው፤ ዝቅ ያለው አይልክም። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ከገቡት ተማሪዎች ሁሉ እውነተኛ ውጤት ከፍ ብሎ ይታያል። እዚያው ሰነድ ላይ ከገቡት ስንት በመቶው ውጤት እንደላኩ ተጽፏል። 30 በመቶው ብቻ ከላኩ ቁጥሩ እንዳያስደነግጥዎ።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ለቅበላ ውጤቱን ከነጭራሹ አያይም። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ውጤት የግድ እንደሚሆን መልሰው አስታውቀዋል። ልጁ ያዘጋጀውን ዝርዝር ይዘው የእያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ገጽ በዚያው ዓመት ማየት ነው፤ ሰው የነገርዎትን ይዘው አይወስኑ።

ኤስኤቲ ምንም የማያስፈልግበት መንገድም አለ። እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ ባሉ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ለመግባት ውጤት አይጠየቅም። ከኖቫ በተወሰነ ጂፒኤ የጨረሰ ተማሪ በተቋማቱ መካከል ባለው የዝውውር ስምምነት መሠረት እንደ ጆርጅ ሜሰን ወዳሉ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሻገራል። ይህን መንገድ ሁለተኛ ደረጃ አድርገው የሚያዩ ወላጆች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያለ ዕዳ የተመረቁ ብዙ ልጆቻችን በዚያ በኩል ነው ያለፉት።

ሁለተኛ መፈተንና ውጤት መላክ

አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትኖ ማቆም ለአብዛኛው ልጅ ኪሳራ ነው። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት አካሄድ በ11ኛ ክፍል ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ አንዴ፣ 12ኛ ክፍል ሲገባ በኦገስት ወይም በኦክቶበር ሌላ ጊዜ መፈተን ነው። ከሦስት በላይ ግን አልመክርም፤ ልጁ ይደክማል፣ ጭማሪውም እየቀነሰ ይሄዳል።

ለምን ሁለት ጊዜ? ሱፐርስኮር የሚባል አሠራር ስላለ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከተለያዩ የፈተና ቀናት የየክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ወስደው ይደምራሉ። የጎረቤቴን ልጅ እንውሰድ። በመጀመሪያው 490 እና 590 ነበራት። በሁለተኛው 540 እና 570 አመጣች፤ ድምሩ 1110 ነው፤ ሒሳቧ ወርዷል። በሱፐርስኮር ግን የሁለተኛው 540 እና የመጀመሪያው 590 ተደምረው 1130 ይሆናሉ። ሒሳቧ ሃያ ነጥብ መውረዱ ምንም አልጎዳትም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ልጅዎ ደካማው ክፍል ላይ አመዝኖ ሊያጠና ይችላል።

የየትኛውን ቀን ውጤት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደሚልክ መምረጥ የሚችለውም ልጁ ነው። የአንድን ቀን ሒሳብ ብቻ ነጥሎ መላክ ግን አይቻልም፤ ቀኑ ሙሉውን ይሄዳል። ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ምርጫ አይቀበሉም። በአካባቢያችን ጆርጅታውን የተፈተነውን ሁሉ ላኩልኝ በማለት ይታወቃል። እዚያ ለማመልከት ያሰበ ልጅ ሳይዘጋጅ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ እንዳይቀመጥ።

ከተመዘገቡበት ጊዜ ጀምሮ ፈተናው ካለፈ በኋላ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ውጤቱን ወደ አራት ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ መላክ ይቻላል። በዚያ ሰዓት ግን ውጤቱ ገና አልታየም። በሌላ በኩል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ራሱ ማመልከቻው ላይ የጻፈውን ውጤት ይቀበላሉ፤ ማረጋገጫውን የሚጠይቁት ከገባ በኋላ ነው። ውጤት ለማስላክ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

ኤሲቲን በአጭሩ

ልጅዎ ሌላውን ፈተና፣ ኤሲቲን ተፈትኖ ከሆነ ውጤቱ ከ1 እስከ 36 ነው። ድምር ሳይሆን የየክፍሉ አማካይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ሳይንስ በምርጫ ሆኖ አማካዩ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የንባብ ብቻ ሆኗል። ሁለቱን ፈተናዎች የሚያቻችል ይፋ ሰንጠረዥ አለ። በእሱ መሠረት የኤሲቲ 19 ከኤስኤቲ 1010 አካባቢ፣ 25 ከ1210፣ 31 ከ1400 ጋር ይመጣጠናል። ዩኒቨርሲቲዎች በሁለቱ መካከል አያዳሉም፤ አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ይሻላል።

ፒኤስኤቲ የሚባለው ደግሞ መለማመጃው ሲሆን ከፍተኛው 1520 ነው። በ11ኛ ክፍል የሚሰጠው ለናሽናል ሜሪት የነጻ ትምህርት ውድድርም መግቢያ ነው። ዜግነት የሌለው ልጅም ሊወዳደር ይችላል። «እኛ ዜጋ አይደለንም» ብለው ከወዲሁ አይተዉት።

ሳይጠየቅ የማይሰጥ ነገር

አሁን ወደ ካውንስለሩ ቢሮ እንሂድ። ቀጠሮ ለመያዝ የሚያፍሩ ወላጆች አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛቸው የሚያሳጣቸው ይመስላቸዋል። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ። ሁለት ነገሮች ይዘው ይውጡ።

አንደኛው እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ላሉ ልጆች የሚደረግ ድጋፍ ነው። በትምህርት ቤት ውስጥ፣ በትምህርት ቀን በሚሰጠው ኤስኤቲ ላይ እነዚህ ልጆች የፈተናውን ጊዜ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሰዓትና የተፈቀደ የቃል በቃል መዝገበ ቃላት ሊያገኙ ይችላሉ። በዚህ ድጋፍ የተገኘው ውጤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይላካል፤ እንደ ማንኛውም ውጤት ይቆጠራል። የሚያመቻቸው ግን ትምህርት ቤቱ ነው፤ አስቀድሞ መነገር አለበት። የጎረቤቴ ልጅ በመጀመሪያው ፈተናዋ ይህ ድጋፍ ይገባት ነበር። የነገራት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው የክፍያ ነጻነት ነው። የፈተናው ዋጋ 68 ዶላር ነው። የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጁ ትምህርት ቤት ነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ኤስኤቲ በነጻ ይፈተናል። ውጤቱንም ለፈለገው ያህል ዩኒቨርሲቲ፣ ውጤቱን ካየ በኋላ እንኳ፣ ያለ ክፍያ ይልካል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያውም ይነሳለታል፤ ይህ ሲደመር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የምሳ ቅጹን «አያስፈልገንም» ብለው ሳይሞሉ የሚመልሱ ቤተሰቦች ይህን ሁሉ በር በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ፤ እባክዎ ይሙሉት።

የጎረቤቴ ልጅ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ ካውንስለሯ ሄዳ ሁለቱንም ጠየቀች። የክፍያ ነጻነቱ በዚያው ሳምንት ተሰጣት። እርስዎም ዛሬውኑ የልጅዎን ካውንስለር ይጠይቁ፤ ለኤስኤቲ የክፍያ ነጻነቱ የሚሰጠው ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ነው።